ሐይቅ ይፍጀው ያልነው ዕቃ

ከላይኛው ቢሮ የመጣልኝ ጥያቄ አንድ መስመር ናት። «ከከተማችሁ በተላከው ፎቶግራፍ ላይ የሚታዩት ሁለት ሰዎች ለምን ተዘቅዝቀው እንደቆሙ በጽሑፍ ይብራራ» ትላለች። ማኅተሙ ከጥያቄው ይበልጣል።

አጭሩን መልስ ብጽፍ እዚሁ ላይ በጨረስኩ ነበር። ፎቶውን ገልብጣችሁ ይዛችሁት ነው። ነገር ግን አለቆቹን «ገልብጣችሁ ይዛችኋል» ብሎ ጽፎ ወንበሩ ላይ የቆየ ጸሐፊ አላውቅም። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ከሁለቱ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጀምረውና፣ ረዘመ ብላችሁ አትቆጡ።

ዘርጋው እባላለሁ። የሐይቁ ጽሕፈት ቤት መዝጋቢ ነኝ። ሐይቁ ከደረቀ ዘንድሮ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን አልደረቀም። መድረቁን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ከየትም ስላልመጣ በሕግ ፊት ሐይቁ እንዳለ አለ። ከወዲህ ዳር ወደ ወዲያ ዳር የሚሻገር ሰው ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዛል፤ ሱሪውን ወይም ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ ይሰበስባል። በረሃ ነውና አሸዋው ቀትር ላይ እግር ይጠብሳል። ቢሆንም ጫማ አድርጎ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው እኛ ዘንድ ባለጌ ነው።

አሻጋሪያችን አያ ደምለው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ታንኳው ከተሰነጠቀ ወዲህ መቅዘፊያውን ብቻ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊት ይሄዳሉ፤ ተሻጋሪው በሰልፍ ይከተላል። ቀዛፊውን የቀደመ ሰው ከታንኳው ወድቋል ማለት ስለሆነ ሰጥሟል ተብሎ ይመዘገባል። የምመዘግበው እኔ ነኝ። ይህ ነገር እስከተነሳበት ቀን ድረስ በመዝገቤ አሥራ ዘጠኝ የሰጠሙ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹን ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ ደህና ናቸው።

የምንጠጣውን ውሃ ከሩቅ አገር በቦቴ ያመጡልናል። ቦቴው የሐይቁን ሜዳ አቋርጦ ስለሚመጣ መዝገቡ ላይ «ታንኳ ቁጥር ሰባት» ተብሎ ተጽፏል። ሹፌሩ መጀመሪያ ሰሞን ይስቅ ነበር፤ አሁን እሱም ጫማውን አውልቆ ነው የሚነዳው።

አሁን ወደ ልማዳችን ልምጣ። በሌላ አገር ሰው የከበደውን ነገር «ሆድ ይፍጀው» ይላል አሉ። የእኛ ሰው ሆዱን አያምንም፤ «ሐይቅ ይፍጀው» ይል ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ዕቃ ሲጣሉ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። እውነቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሲመረምሩ ከሚከርሙ ዕቃውን ታንኳ ላይ ጭነው መሐል ሐይቅ ይጥሉታል። ከዚያ ወዲያ ስሙን ያነሳ ሰው ሰላም አደፍራሽ ነው። ያሳፈረንንም ነገር፣ ያጭበረበርንበትንም ነገር እንደዚሁ ነበር የምናደርገው። ከተማችን በሰላሟ የታወቀች ነበረች። ጎረቤት አገሮች ምሥጢሩን ሊማሩ ሽማግሌዎቻቸውን ይልኩ ነበር።

የሚጣለውም የትም አልነበረም። ሐይቁ መሐል «ዐይኑ» የምንለው ቦታ አለ። እዚያ ጋ ውሃው ከሥር እየፈላ ይሽከረከር ስለነበር የሰጡትን ቶሎ ይውጣል። የአያቶቻችን አያቶች እዚያ ጣሉ፤ እኛም ጣልን። ውሃው እዚያ ቦታ ላይ ለምን እንደሚፈላ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

ሐይቁ ሲደርቅ የተጣለው ሁሉ ተገለጠ። የዚያን ሰሞን የነበረው ድንጋጤ አይነገርም። ሽማግሌዎች ሦስት ቀን መክረው «ሐይቅ የወሰደውን በሕይወት ያለ ሰው አያይም» ብለው ደነገጉ። ከዚያ ጀምሮ ሐይቁን የምንሻገረው ሽቅብ እያየን ነው። ሃያ ዓመት ሽቅብ ስናይ አንገታችን ለመደውና በመንገድም፣ በሠርግም፣ በለቅሶም አገጫችን ወደ ላይ ሆነ። ሰማይን እንደኛ የሚያውቅ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ዝናብ እንደሌለበት በየቀኑ እናረጋግጣለን።

እንግዲህ በንፋሱ ወር መጀመሪያ ከናንተ ዘንድ ያ ደብዳቤ መጣ። «ሐይቅ የሌለው የሐይቅ ከተማ ሊኖር አይችልም። ሐይቁ ስለመኖሩ በዘጠና ቀን ውስጥ በፎቶግራፍ የተደገፈ ማስረጃ ካልቀረበ የከተማው ስም ተሰርዞ ሕዝቡ ለሌሎች ከተሞች ይከፋፈላል።» የውሃ ሹማችን አቶ አምባዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ አገጫቸውን ይዘው ቆዩ።

«ዘርጋው፣ ሐይቅ ከሌለ ይህ ሁሉ ዕቃ የት ነው የተጣለው?» አሉኝ። «ደረቅ መሬት ላይ ቤት ሙሉ ዕቃ የሚጥል እብድ ነው። እኛ እብዶች ነን?»

«አይደለንም፣ ጌታዬ።»

«ስለዚህ ሐይቅ አለ። ዕቃውን አንድ በአንድ ፎቶ አስነስተን እንልካለን።»

«በሕይወት ያለ ሰው እንዳያየው ተደንግጓል እኮ፣ ጌታዬ።»

«መዝገብህን ክፈት» አሉኝ።

ከፈትኩ። ቁጥር አሥራ አራት፦ ትርንጎ፣ ፎቶ አንሺ፣ ወዲያ ማዶ ሠርግ ሊያመልጣት ሲል ቀዛፊውን ቀድማ የዛሬ አራት ዓመት የሰጠመች።

ትርንጎ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ የምታነሳ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ቀልደኛ ሴት ናት። በሌላ አገር ፎቶ አንሺ «ቀና በል» ይላል። እሷ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ የምትውለው «ዝቅ በል! አፍንጫህን ብቻ ነው የማየው!» እያለች ነው። ሹሙ ሲነግሯት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አራት ዓመት ሙሉ ለምስክርነት ስመጣ የሰጠመች ናት እያላችሁ ከበር ስትመልሱኝ ኖራችሁ፣ ዛሬ መስጠሜ ተወደደላችሁ?»

«ቅር አይበልሽ» አሉ ሹሙ። «የሰጠመ ሰው ከሐይቁ ሥር ያለውን ቢያይ ማን ይከለክለዋል? ዘርጋው አብሮሽ ሄዶ ይመዘግባል። እሱ ሰማዩን ያያል፤ አንቺ ትነግሪዋለሽ።»

እንዲሁም ሆነ። በየማለዳው ሐይቁ ሜዳ እንወርዳለን። እሷ ካሜራዋንና ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ ተሸክማ ከፊት፣ እኔ መዝገቤን ታቅፌ፣ አንገቴን አቅንቼ፣ የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ከኋላ። ስደናቀፍ ትስቃለች። ከዚያ ቆም ትልና ያየችውን ትነግረኛለች።

«አንድ እግሩ የጎደለ የዳኛ ወንበር።»

«የዳኛ ወንበር» እያልኩ እጽፋለሁ።

«ባለቤቱስ?»

«ያልታወቀ።»

«ሚዛን። አንደኛው ሳህን ከሥሩ እርሳስ ተለጥፎበታል። ምን የመሰለ ሥራ ነው! ባለቤቱስ?»

«ያልታወቀ።»

«ቁልፉ እንደተቆለፈ ከነመቃኑ የተነቀለ በር። ምላሱ የተቆረጠ የትምህርት ቤት ደወል። የሙሽራ ሳጥን፣ ክዳኑ በምስማር የተመታ።»

«ያልታወቀ፤ ያልታወቀ፤ ያልታወቀ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሁሉንም አውቃቸው ነበር። ሚዛኑ የነጋዴው የቢልልኝ ነው። ወንበሩ የማን አባት ንብረት እንደነበር ከተማው በሙሉ ያውቃል። በሩን እነማን እንደተጣሉበት፣ ሳጥኑን ማን በምስማር እንደመታው አውቃለሁ። እኛ የምናውቀውን ያለማወቅ ጥበብ አለን፤ እኔ ደግሞ በዚያ ጥበብ ደመወዝ የምበላ ሰው ነኝ።

በሰባተኛው ሳምንት ዐይኑ ጋ ደረስን። ትርንጎ ማቆሚያዋን መሬት ላይ አኖረች።

«እዚህ ተራራ ነው ያለው» አለች። «ዕቃ በዕቃ ላይ። ቁጥር የለውም። ጫፉ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ተቀምጣለች። ጥቁር፤ መዘውሯ ላይ በነጭ ቀለም አበባ የተሳለባት።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ጻፍ እንጂ!»

«እየጻፍኩ ነው።»

«ባለቤቷስ?»

«ያልታወቀ» አልኩ።

እኔ ሰማዩን ነበር የማየው። ግን ሰው ሲታይ ይሰማዋል። ትርንጎ ካሜራዋን ትታ እኔን አየችኝ።

መኪናዋ የእናቴ ናት። ነጩን አበባ የሳለችው ራሷ ነበረች። እናቴ ስትሞት አልጋዋ ሥር የነበርኩት እኔ ነኝ። «መኪናዬን ለአሰገደች ስጥልኝ» ብላ ዐረፈች። አሰገደች ታላቅ እኅቴ ናት፤ የስፌት ሙያ የተማረችውም በዚያችው መኪና ነው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሚስት ላገባ ነበርና ቤቴ ውስጥ አንዲት የምትታይ ዕቃ ፈለግሁ። ሰበቡ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቢኖረኝ እነግራችሁ ነበር። ሽማግሌ ፊት ቀርቤ «ለአንተ ይሁን ብላኛለች፤ ብዋሽ ዐይኔን ግንባር ያድርገው» ብዬ ማልኩ። እኅቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ «ሐይቅ ይፍጀው» አሉ። መኪናዋ ከኔም ከሷም ሳትሆን ቀረች። ይህ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሐይቁ ደረቀ።

የእናቴ መኪና ሐይቅ አደረቀች አልልም። ከሷ በፊት ሺህ ዕቃ ተጥሏል። የመጨረሻዋ መሆኗን ግን ሌት ተቀን አልረሳሁትም።

ትርንጎ ፎቶዎቹን አጠበች። ፎቶ ያለ ውሃ አይታጠብምና ከመጠጥ ድርሻዋ ላይ እየቀነሰች፣ ከንፈሯ እየተሰነጠቀ ሦስት መቶ ያህል አጠበች። ሹሙ «ወረቀት ሐይቅ አይደለም፤ የፈለገ ይይ» ብለው ስለፈቀዱ ፎቶዎቹን አዳራሹ ውስጥ በገመድ ሰቀልናቸው። ሰዉ ጎረፈ። ሁሉም የሌላውን ዕቃ ከቅርብ ያያል፤ የራሱ ጋ ሲደርስ ያስነጥሰዋል። ቢልልኝ ሚዛኑ ፊት ቆሞ «ይህ ምን የሚሉት መጥበሻ ነው?» ብሎ ጠየቀ። በማግስቱ ግን ብቻውን ተመልሶ መጣ። ሌሎቹም እንደዚያው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ተመለሱ። ትርንጎ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ታይ ነበር።

አያ ደምለው የመጡት ከሁሉ በኋላ ነው። መቅዘፊያቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡና ፎቶዎቹን አልፈው አልፈው ስፌት መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ተጠጉ።

«ትርንጎ፣ ይህች ከመርገጫው ሥር የወጣችው ምንድን ናት?»

«አላስተዋልኳትም፣ አያ። ሣር ትሆን?»

«ሣር አይደለችም። ቄጤማ ናት።» በጣታቸው ዳሰሷት። «ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ውሃ ላይ ኖሬያለሁ። ቄጤማ ያለ ውሃ ሲበቅል አላየሁም።»

ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ሃያ ዓመት በየቀኑ በዚያ ቦታ አጠገብ ሲያልፉ ሽቅብ ያዩ ነበር።

ሹሙ ከተማውን በሙሉ ሰበሰቡ። አሥራ አንድ ቀን ቀርቶን ነበር። ትርንጎ ነገሩን በአጭሩ ተናገረች። «ዐይኑ የምትሉት ምንጩ ነው። ሐይቁ የሚመነጨው ከዚያ ነበር። እኛ ነን የደፈንነው። ክምሩ ይነሳ፤ ከላይዋ ካልተጀመረ ደግሞ የታችኛው አይነሳም።»

ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደንቡ ግልጽ ነው። ሐይቅ የወሰደውን ማንሳት የሚችል ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም ‹የኔ ነው› ብሎ በአደባባይ ሲናገር። እንግዲህ ይህች የልብስ ስፌት መኪና የማን ናት?»

ሕዝቡ በሙሉ ሽቅብ አየ። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። እዚያ ከነበሩት ሰዎች የእናቴን መኪና የማያውቅ አልነበረም፤ ግማሾቹ የክርስትና ልብሳቸው የተሰፋው በሷ ነው። አንድም ሰው ወደኔ አልዞረም። ያን ያህል ጨዋዎች ነን። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «ባለቤቷ አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ፤ ጽሑፌም እንደ ወትሮው ያማረ ነበር።

«ካልተገኘ የቄጤማዋን ፎቶ ልከን ዕድላችንን እንሞክራለን» አሉ ሹሙ።

«ውሃው ከሥሩ እያለ ቄጤማ እንልካለን?» አለች ትርንጎ። ስትወጣ በኔ በኩል አለፈችና ቀስ ብላ «ቁጥር አሥራ አራት ብቻዋን ሰለቻት፣ ዘርጋው» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ከአያ ደምለው ኋላ ተሰለፍኩ። እኅቴ የምትኖረው ወዲያ ማዶ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዓል አጉድዬባት አላውቅም። እሄዳለሁ፤ ደህና ነሽ ወይ እላለሁ፤ ደህና ነኝ ትላለች፤ ጠበል ጠዲቅ ቀምሼ እመለሳለሁ። እንዲህ ነው ሰላማችን።

በዓል ባልሆነ ቀን በሯ ላይ ስታየኝ ደነገጠች። የሰው ጋቢ ጭኗ ላይ አድርጋ ጠርዙን ትሰፋ ነበር፣ በእጇ። ጣቶቿን አየሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በመርፌ ተወግተው የጣቶቿ ጫፎች እንደ ቆዳ ደርቀዋል። እነዚያን ጣቶች በየበዓሉ ስጨብጣቸው ኖሬ ለካ አይቻቸው አላውቅም።

«ምነው፣ በደህናህ ነው?» አለችኝ።

«እትዬ፣ እማዬ ስትሞት...» አልኩ። እንደ ምንም ጨረስኩት። «መኪናዬን ለአሰገደች ነበር ያለችው። ዋሽቼ ማልኩ።»

ቀና አላለችም። የያዘችውን ክር እስከ መጨረሻው ሰፋችና በጥርሷ ቆረጠችው።

«አውቃለሁ» አለች። «ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ሰምቻታለሁ።»

«ታዲያ ምነው ያን ጊዜ ሳትናገሪ?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ። ዛሬ ይናገራል፣ ለፋሲካ ይናገራል፣ ለአዲስ ዓመት ይናገራል እያልኩ። አንተ ደግሞ በየበዓሉ እየመጣህ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለህ።» አሁን ቀና አለች፤ ዐይኗ ሞልቷል። «ጤናዬ ደህና ነበር፣ ዘርጋው።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ተው፣ ተው፣ ጋቢው የሰው ነው፤ ታቆሽሽብኛለህ» አለች፤ ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን። ስለ ፎቶውና ስለ ቄጤማዋ ነገርኳት። ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች፤ ጫማዋን አደረገች።

«እትዬ፣ ጫማ አድርገሽ ሐይቅ ውስጥ?»

«እኔ ውሃ አይታየኝም። ሲታየኝ አወልቃለሁ።»

አያ ደምለው መቅዘፊያቸውን አጋድመው ወጡ። ሰልፉ ተከተለ። እኅቴ ሃምሳ እርምጃ ያህል ታግሣ ሄደች፤ ከዚያ ከሰልፉ ወጥታ ቀዛፊውን ቀደመቻቸው። ሰዉ «ኡኡ! ሰጠመች!» አለ። ሥራዬ ሥራ ነውና መዝገቡን ከፈትኩ። «ቁጥር ሃያ፣ አሰገደች» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በታች «ቁጥር ሃያ አንድ፣ ዘርጋው» ብዬ ጻፍኩና መዝገቡን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ።

ሮጬ ሳልፍ አያ ደምለው «በርታ፣ ልጄ!» ያሉኝ ይመስለኛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብዬ አየሁ። የሐይቁ ሜዳ እኔ ያሰብኩትን ያህል አስፈሪ አልነበረም። የተሰነጠቀ ነጭ መሬት ነው፤ በየስንጥቁ ጥቃቅን የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች አሉ። ዕቃዎቹም እንደ ማንኛውም ዕቃ ናቸው። የቢልልኝ ሚዛን ትንሽ ናት፤ ሰው ለሷ ብሎ ሃያ ዓመት ሽቅብ ያያል? ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ራሴን አስታወስኩና ተውኩት።

ትርንጎ ዐይኑ ጋ ማቆሚያዋን ተክላ ነበር። ክምሩ ላይ ወጣን። እኅቴ መዘውሩ ላይ ያለውን ነጭ አበባ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ሰልፉ ደርሶ ቆመ፤ አንገቶቹ ሁሉ ወደ ሰማይ፣ ጆሮዎቹ ሁሉ ወደኛ። ደንቡ «የኔ ነው» በል ይላል። እኔ ግን የምለው ሌላ ነበርና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

«የሷ ናት! የእኅቴ ናት! እኔ ዋሽቼ ነው የተጣለችው!»

«የኔ ናት» አለች አሰገደች፣ ሳትጮህ።

ግራና ቀኝ ይዘን አነሳናት። መጀመሪያ አልነቃነቅ አለች፤ ከዚያ እንደ ጥርስ ተነቀለች። ከሥሯ፣ በዕቃዎቹ መሐል የተጠቀጠቀው ጭቃ ጥቁር ነበር፤ ጣቴን ሰደድኩበት፤ ረጥቦ ወጣ። ውሃ አልፈነዳም። ተአምር የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ። እርጥብ ጭቃ ብቻ ነበር። ጣቴን ወደ ላይ አንስቼ ለሰዉ አሳየሁ፤ ሽቅብ እያዩ ስለነበር ሁሉም አዩት።

መጀመሪያ ከሰልፉ የወጣው ቢልልኝ ነው። ላብ አጥምቆት አያ ደምለውን ቀድሞ መጣና «ያ... ያ መጥበሻ ሚዛን ነው። የኔ ነው። እርሳሱንም እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አለ። ቁጥር ሃያ ሁለት። ከዚያ የሳጥኑ ባለቤት። ከዚያ በአንድ በር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች አብረው፣ እየተገፋፉ። ነገርን ነገር ያነሳዋል እንዲሉ አንዱ የተናገረው ለሌላው አፍ ይሆነው ጀመር። የሟቾችን ዕቃ ልጆቻቸው «የአባቴ ነው» እያሉ አነሱ። በዚያ ሜዳ ላይ ብዙ ተለቀሰ፤ ሁለት ጊዜ ቡጢም ተሰንዝሯል፤ አልደብቅም። ሰላማችን ትንሽ ደፈረሰ። በአራተኛው ቀን የመዝገቤ ቁጥር አራት መቶ አልፎ ነበር።

አያ ደምለው ከኋላቸው የሚከተል ሰው አጥተው ብቻቸውን ቆሙ።

«ዘርጋው፣ ቀዛፊው ራሱን መቅደም ይችላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደንብ የለውም፣ አያ።»

መቅዘፊያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ ክምሩ ሄዱ። የአንድ የድሮ ባልንጀራቸውን መቅዘፊያ ነበር የሚፈልጉት። አገኙት። ታሪኩን ለባልንጀራቸው ልጆች ነግረዋል፤ የነሱ ስለሆነ እኔ አልጽፈውም።

በመዝገቡ መሠረት በከተማው በሕይወት የቀሩት ሹም አምባዬ ብቻ ነበሩ። ሁለት ቀን ቢሯቸው ውስጥ ብቻቸውን ዋሉ። በስምንተኛው ቀን ሱሪያቸውን ሰብስበው ወረዱና ባለሦስት እግሩን የዳኛ ወንበር አንስተው «የአባቴ ነው። ፍርድ ሸጦበታል» አሉ። ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ቀን ያከበርኳቸውን ያህል በሹመታቸው ዘመን ሁሉ አክብሬያቸው አላውቅም።

በዘጠነኛው ቀን የመጨረሻው ዕቃ ተነሳ፤ ማን እንደጣለው የማይታወቅ፣ ምናልባት የመጀመሪያው፣ አንድ የወፍጮ መጅ ነበር። «የሁላችንም ነው» ብለን በአንድ ላይ አነሳነው። ከሥሩ ውሃው መጣ። ቀስ እያለ፣ እያመነታ፣ ከዚያ እየፈላ። ሐይቅ አይደለም። ኩሬ ለመባልም ገና ክርክር ያስነሳል። ቁርጭምጭሚት ያህል ብቻ ነው። ግን በማግስቱም ነበር፤ እንዲያውም ጨምሮ ነበር።

እኅቴ ጫማዋን አወለቀች።

የቀነ ገደቡ ዋዜማ ትርንጎ ፊልሟ ውስጥ የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። «ለዚህ ለላይኛው ቢሮ የሚላከውን ልጨርስ፤ እናንተ ሁለታችሁ ግቡ» ብላ እኔንና አሰገደችን ውሃው ውስጥ አቆመችን። ከልማዷ «ዝቅ በሉ!» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ሁለታችንም እግራችንን እያየን ነበር። ውሃ ውስጥ የቆመ እግር አይተን አናውቅም እኮ ሃያ ዓመት።

«ፊታቸው አይታይም!» አሉ ሹሙ ከዳር ሆነው። «ላይኛው ቢሮ ፊት የሌለው ሰው አይቀበልም!»

«ይታያል» አለች ትርንጎ፣ አንድ ዐይኗን ጨፍና። «ውሃው ላይ ይታያል።»

ነገሩ ይኸው ነው። ፎቶውን ብትገለብጡት ከላይ ሁለት የጠጉር አናት ታያላችሁ፤ አንዱ መላጣ ነው። ፊታችን ያለው ከታች፣ ውሃው ውስጥ ነው። እናንተ ፊታችን ያለበትን ወገን ወደ ላይ ማድረጋችሁ ጥፋት አይደለም፤ እኛም ሃያ ዓመት ተሳስተን ነበር።

መኪናዋ አሁን እኅቴ ቤት ናት። ዝጋለች። አሰገደች በየቀኑ ዘይት ትቀባታለች፤ እኔም ከሥራ መልስ እየሄድኩ መዘውሩን እሞክራለሁ። ትናንት ግማሽ ዙር ዞራ ቆመች።

«ነገ ሙሉውን ትዞራለች» አለች እኅቴ።

ይህ ወረቀት ጠርዙ ረጥቦ ከደረሳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጽሕፈት ቤታችንን ከዳር ወደ ኋላ ልናሸሸው ነው።

ዘርጋው፣
የሐይቁ ጽሕፈት ቤት መዝጋቢ፣
በመዝገብ ቁጥር ሃያ አንድ የሰጠመ።